ጥይት ልግዛ ወይስ ቤቴ ልሙላ? ተቃጥሎ የተማረ ሰው ሒሳብ

ጥቅምት በገባ ቁጥር ስልኬ ዕረፍት የለውም። የሚደውሉት እዚሁ ሰሜን ቨርጂኒያ ያሉ፣ አደን በቅርቡ የጀመሩ ልጆች ናቸው። ጥያቄያቸው አንድ ነው። «ጋሼ፣ ጥይት ጣራ ነካ። አንተ ቤትህ ነው አሉ የምትሞላው። ያዋጣል እንዴ?»

አያዋጣም።

እንዲህ ብዬ ስመልስ ግን ማንም አያምነኝም። «ታዲያ አንተ ለምን ገባህበት?» ይሉኛል። ልክ ናቸው። ቤዝመንቴ ውስጥ ከጠረጴዛ ጋር በብሎን የታሰረ ፕሬስ፣ ባለ እጀታ የጥይት መጭመቂያ፣ አለ። እሱ ላይ ያፈሰስኩትን ገንዘብ ባለቤቴ ዛሬም በሳንቲም ታስታውሰዋለች። ስለዚህ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

የማወራው ስለ አጋዘን አዳኝ ነው። በ30-06 ወይም በ308 (ሁለቱም የተለመዱ የአደን ጥይት ልኮች ናቸው) በዓመት አንድ ሁለት አጋዘን ጥሎ ፍሪዘሩን ስለሚሞላ ሰው። በየሳምንቱ ዒላማ ሊተኩስ የሚሄድ ሰው ሒሳቡ ሌላ ነው።

ለማያውቅ ባጭሩ፣ የጠመንጃ ጥይት አራት ነገር ነው። ቀለሃው፣ ባሩዱ፣ ከፊት የሚወጣው አረር፣ ከቀለሃው ቂጥ ላይ ደግሞ እሳቱን የምትጭረው ትንሽ ቆብ። ያቺን ቆብ እዚህ ሁሉም ፕራይመር ነው የሚላት፤ እኔም እንደዚያው እላለሁ። ሲተኮስ ሦስቱ ያልቃሉ፣ ቀለሃው ይቀራል። ቤት መሙላት ማለት ያንን የቀረ ቀለሃ አጽድቶ፣ ዳይ በሚባል የብረት ቅርጽ ማውጫ ጨምቆ ወደ ልኩ መልሶ፣ አዲስ ፕራይመር፣ ባሩድና አረር መስጠት ነው። ውዱ ነገር ቀለሃው ስለሆነ፣ በወሬ ደረጃ ነገሩ በጣም ያማልላል።

እኔን ግን ያማለለኝ አያቴ ነው። አያቴ ቀለሃ አይጥልም ነበር። ባዶውንም ቢሆን ለቅሞ፣ በጨርቅ ወልውሎ፣ ሣጥን ውስጥ ነው የሚያኖረው። ዝናሩ ላይ ያለውን ጥይት እንደ ከብት ቆጥሮ ያውቀዋል። አይፈረድበትም። የፈረንሳዩን ጠመንጃ ውጅግራ ብለን በጠራንበት ዘመን፣ በአንዳንድ ገበያ ጥይት እንደ ገንዘብ ዕቃ ይገዛ ነበር። እኔ ታዲያ ቨርጂኒያ መጥቼ መጀመሪያ ዒላማ ተኩሼ ስጨርስ፣ ሰዉ የሚያብረቀርቅ ቀለሃ በአካፋ እየዛቀ ባልዲ ውስጥ ሲጥል አየሁ። ውስጤ ተቃጠለ። ያን ቀን ነው የተሸወድኩት።

ሒሳቡ

ባለፈው ወቅት ከመክፈቻው በፊት የገዛሁት 30-06፣ ተራው፣ አፍንጫው ለስላሳ እርሳስ የሆነው፣ 20 ፍሬው 34 ዶላር ነበር። የሰሜን ቨርጂኒያ 6 በመቶ የሽያጭ ግብር ሲጨመር 36 ዶላር ከ4 ሳንቲም። አንዱ ፍሬ 1.80 መጣ ማለት ነው። እዚህ ዋጋ ውስጥ ፋብሪካው የሚከፍለው 11 በመቶ የፌዴራል ቀረጥም ተቀብሯል። ከ1937ቱ (በፈረንጅ) ሕግ ወዲህ ያ ገንዘብ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ስለሚውል እሱን አላማርርም። አጋዘኑ ከየት ይመጣል?

አሁን ቤት ስንሞላ። አረር መቶው 42 ዶላር፣ ፍሬው 42 ሳንቲም። ባሩድ ፓውንዱ 48 ዶላር። ባሩድ የሚመዘነው ግሬይን በሚባል ትንሽ የክብደት መለኪያ ነው፤ አንድ ፓውንድ 7,000 ግሬይን ነው። አንድ 30-06 በግምት 50 ግሬይን ይበላል እንበል። ይኼ የዋጋ ማስያ እንጂ የመሙያ ልክ አይደለም፤ ልኩን ባሩዱንና አረሩን ከሠሩት ኩባንያዎች መጽሐፍ ብቻ ውሰዱ። እንደዚያ ሲሆን ከፓውንዱ 140 ጥይት ይወጣል፤ ለአንዱ 34 ሳንቲም። ፕራይመር ሺው 90 ዶላር፣ አንዷ 9 ሳንቲም። ቀለሃው ከራሴ የፋብሪካ ጥይት የተረፈ ስለሆነ በነጻ እንቁጠረው። ድምሩ 85 ሳንቲም፤ ከነግብሩ 90።

1.80 በ90 ሳንቲም። በትክክል ግማሽ! እኔም እዚህ ጋ ስደርስ ነው እስክሪብቶውን ጥዬ ካርዴን ያወጣሁት።

አልቸኮልኩም ብትሉኝ አላምናችሁም፤ ሁሉም ሰው እዚህ ጋ ነው የሚቸኩለው። ዕቃውን ልቁጠርላችሁ። ፕሬሱና ሚዛኑ አብሮ የሚመጣበት ጥቅል 330 ዶላር። ለ30-06 የሚሆነው ዳይ 38። ቀለሃ የሚያጸዳው የሚንቀጠቀጥ ባልዲ 65፣ ውስጡ የሚጨመረው የተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳ 12። የቀለሃ አንገት መቁረጫ 35። ርዝመትና ውፍረት መለኪያ ካሊፐር 28፤ እሱ ውሸት ሆኖ ስለተገኘ ሌላ 45። የባትሪ ሚዛን 27፤ እሱም ተጣለ። ዳይ ውስጥ የተቀረቀረ ቀለሃ ማውጫ 22። ጠቅላላ 602 ዶላር።

602 ዶላርን በ90 ሳንቲም ቁጠባ ለመመለስ 669 ጥይት መተኮስ አለብኝ። አንድ አጋዘን አዳኝ በዓመት ስንት ይተኩሳል? እኔ ስኮፑን (የጠመንጃውን ማነጣጠሪያ መነጽር) ለማስተካከል ስምንት አሥር፣ በበጋ ለልምምድ ሃያ ምናምን፣ ለአደኑ ሁለት ወይም ሦስት። አርባ አይሞላም። በአርባ ቢታሰብ እንኳ ገንዘቤ የሚመለሰው ወደ 17 ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። ያኔ ጡረታ ወጥቼ በከዘራ ነው ተራራ የምወጣው።

ጊዜውስ? ማጽዳት፣ ቅባት መቀባት፣ መጨመቅ፣ መለካት፣ መቁረጥ፣ ፕራይመር መግጠም፣ ባሩድ መመዘን፣ አረር ማስቀመጥ፣ እንደገና መለካት። ሃምሳ ጥይት እኔን አራት ሰዓት ይፈጅብኛል። ሃምሳ ጊዜ 90 ሳንቲም 45 ዶላር ነው። በሰዓት 11 ዶላር ከሩብ። በ2025 የቨርጂኒያ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 12.41 ነበር። ቤዝመንቴ ውስጥ ራሴን ቀጥሬ ከሕግ በታች ነበር የምከፍለው። ቅዳሜ ማታ መኪናዬን አስነስቼ ሰው ባመላልስ ይሻለኝ ነበር፤ አመላልሼም አይቻለሁ፣ ይሻላል።

በኦንላይን ካዘዛችሁ ደግሞ አንድ ነገር አለ። ባሩድና ፕራይመር አደገኛ ዕቃ ስለሚባሉ ከመላኪያው ሌላ የአደገኛ ዕቃ ክፍያ አለባቸው። በአንድ ጭነት ሃያ ሠላሳ ዶላር ነው። አንድ ፓውንድ ባሩድ ብቻ ያዘዘ ሰው ፓውንዱን በ75 ዶላር ገዛው ማለት ነው። ለዚህ ነው አምስት ስድስት ሰው ተሰባስቦ የሚያዘው። እንደ ዕቁብ።

ውሸቱ ካሊፐርና የሚዋልለው ሚዛን

ካሊፐሩ ላይ የታወቀ የጃፓን ስም ተጽፎበታል። ሣጥኑም፣ የዋስትና ወረቀቱም አለ። ዋጋው ብቻ ነው የማይመስለው። እኔ ግን «ቅናሽ ነው» አልኩ። ቅናሽ የሚል ቃል ሲያይ ዓይኑ የሚታወር ሰው ነኝ። ሁለት ወር ሠራሁበት። አንድ ቀን የጓደኛዬን እውነተኛ ካሊፐር ጎን ለጎን አድርገን ያንኑ አንድ ጥይት ለካን። የኔው በሦስት ልኬት ሦስት ቁጥር ሰጠ። የሱ ሦስቴም ያው። ሁለቱን ጀርባቸውን ገልብጠን ስናይ የኔው ላይ ከፊደላቱ አንዷ ዘመም ብላለች።

የባትሪ ሚዛኑ ይባስ። ጧት ዜሮ አድርጌው እጀምራለሁ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ባዶ ሰሃን አስቀምጬ ሳይ ዜሮ የለም። ማሞቂያው ተነስቶ አየር ሲነፍስ ቁጥሩ ይሄዳል። ስልኬን አጠገቡ ሳስቀምጥ ይሄዳል። ለሽንኩርት ቢሆን ግድ የለም። ባሩድ ላይ ግን ትንሽ መብለጥ ማለት ፊታችሁ አጠገብ ያለ ግፊት ጨመረ ማለት ነው። ጥለን ከጥቅሉ ጋር ወደመጣው ባለ ክንድ ሚዛን ተመለስን። እሱ ባትሪ የለው፣ ውሸት የለው።

የተቀረቀረውን ቀለሃ ታሪክ ላሳጥረው። ቅባት መቀባት ረሳሁ። አንድ ቀለሃ ብቻ ነው የረሳሁት። ዳዩ ውስጥ ገብቶ እንደ ቡሽ ነከሰ። እጀታውን ሳስገድደው የቀለሃው ከንፈር ተቀደደና ቀለሃው እዚያው ቀረ። ማውጫውን እስክገዛ ድረስ በቁልፍ፣ በመዶሻ፣ በዘይት ታገልኩ። በመጨረሻ ቂጡን በመሰርሰሪያ በስቼ፣ ብሎን አስገብቼ ስስበው ወጣ። እጄን ቆረጠኝ። ባለቤቴ ከላይ ሆና «የስንት ሳንቲም ጥይት ነው እሱ?» አለች።

መቀርቀሪያው አልዘጋ ሲል

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። እኛ የምናድነው ከሸናንዶዋ ሸለቆ በስተምዕራብ፣ በሮኪንግሃም ካውንቲ በኩል ባለው የጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን ነው። የጠመንጃው ወቅት የሚከፈተው በፈረንጅ ኖቬምበር አጋማሽ ነው። የነቢያት ጾም ደግሞ ኅዳር 15 ይያዛል፤ ኖቬምበር 24 መሆኑ ነው። በመሃል ያለችው አንድ ሳምንት ገደማ ናት። በዚያች ሳምንት የወደቀ አጋዘን ትኩሱ ይበላል። ከዚያ ወዲያ የወደቀው ፍሪዘር ገብቶ ገናን ይጠብቃል፤ ወይ ቋንጣ ይሆናል። የአጋዘን ሥጋ ስብ ስለሌለው ቋንጣው የጉድ ነው። (ክትፎ ግን ተዉት። ቨርጂኒያ ውስጥ ከ2009 ጀምሮ የአጋዘን አእምሮ የሚያመነምን በሽታ ተገኝቷል። ወደ ሰው መተላለፉ አልታየም፤ ቢሆንም አስመርምራችሁ፣ አብስላችሁ ብሉ።)

እንግዲህ በመክፈቻው ቅዳሜ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ዛፍ ተደግፌ ተቀምጫለሁ። አርባ ጥይት ራሴ ሞልቻለሁ። ኩራቴ አይጣል ነው። አንድ ወንድ አጋዘን ከቁልቁለቱ ብቅ አለ። ስድሳ ያርድ ቢሆን ነው። ተኮስኩ፤ ቅርንጫፍ መታሁ። አጋዘኑ ድምፁ ከየት እንደመጣ አልገባውም። ሁለት ዝላይ ዘለለና ቆመ። ጎኑን ሰጥቶኝ ነው የቆመው። እንዲህ ያለ ዕድል በሕይወት አንዴ ነው የሚገኘው።

መቀርቀሪያውን ጎትቼ ገፋሁ። አልዘጋም። እንደገና ገፋሁ። ግማሽ መንገድ ሄዶ እንደ እምቢተኛ በቅሎ ቆመ። በመዳፌ መታሁት። ያ ድምፅ ጫካው ውስጥ የመዶሻ ያህል ተሰማ። አጋዘኑ ጭራውን ነጭ አድርጎ አሳየኝና ሄደ።

ቤት ገብቼ አርባውን ሞከርኩ። የቀረውን ማለቴ ነው። አሥራ አንዱ አይገቡም። ዳዩን የምትይዘው ቀለበት በሥራ መሃል ላልታ ኖሮ፣ ከዚያ በኋላ የተጨመቁት ቀለሃዎች ትከሻቸው (ወደ አንገቱ የሚጠብበት ቦታ) በደንብ አልተገፋም። በዓይን አይታይም። ዒላማ ቦታ የሞከርኳቸው ሦስቱ ከመላላቷ በፊት የተሠሩት ነበሩ። በመጽሐፉ መሠረት እያንዳንዷን ጠመንጃው ውስጥ አስገብቼ ማየት ነበረብኝ። አላየሁም። ጥፋቱ የኔ ነው። የፋብሪካ ጥይት ቢሆን ግን ይህን ጥፋት የማጠፋበት ዕድል አልነበረኝም።

ከፋብሪካ የሚወጣ ጥይት አይበላሽም አልልም። ይበላሻል። ግን ሲበላሽ በፓኬቱ ላይ የታተመ የምርት ቁጥር አለ፤ የሚመልስ ኩባንያ አለ፤ ጠመንጃችሁ ቢጎዳ የሚጠየቅ አለ። ቤት የሞላችሁት ሲበላሽ መልስ ሰጪውም እናንተ፣ ተጎጂውም እናንተ። ብዙ የጠመንጃ አምራቾች ዋስትና ወረቀታቸው ላይ በተሞላ ጥይት ለሚደርስ ጉዳት እንደማይጠየቁ ይጽፋሉ። አንብቡት።

የባሩድ ስም ነገርም አለ። ኤች 4350 የሚባል ባሩድ አለ፤ አይኤምአር 4350 የሚባልም አለ። ቁጥሩ ያው ነው። ባሩዱ ግን ሌላ ነው፣ የአንዱ ልክ ለሌላው አይሆንም። 4895 የሚባለውም እንደዚያው ሁለት ነው። አንድ ሰው ሲደክመው፣ መነጽሩን ሲረሳ፣ ልጁ ከላይ ሲጠራው አንዱን በሌላው ይቀይራል። ባሩድ ሳይገባበት የቀረ ጥይት ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ፕራይመሯ ብቻ አረሩን ገፍታ በርሜሉ ውስጥ ትሰካዋለች። «ጠሽ» የምትል ድምፅ ትሰማና ከሸፈ ብለህ ሌላ ታጎርሳለህ። ሁለተኛው ሲተኮስ በርሜሉ ሊፈነዳ ይችላል። ጠሽ ካለ ማቆም፣ ማራገፍ፣ በርሜሉን ማየት። ሌላ ነገር የለም።

የሌላ ሰው ቀለሃ

ከሁሉም የምፈራው ርካሹን መንገድ ነው። አንድ ወዳጃችን የጠመንጃ ባዛር ሄዶ ሃምሳ የተሞላ 308 በላስቲክ ከረጢት በ30 ዶላር ገዝቶ መጣ። ሻጩ «እኔ ራሴ ነኝ የምሞላው፣ ሃያ ዓመት ሠርቼበታለሁ» ብሎታል። ዒላማ ቦታ አራተኛው ጥይት ትከሻውን እንደ ፈረስ ረገጠው። መቀርቀሪያው ተጣብቆ በጉልበት ነው የተከፈተ። ቀለሃው ሲወጣ ፕራይመሯ ቂጡ ላይ እንደ ቂጣ ተለጥጣለች። እዚያው አቆምን።

ቤት ወስደን በመንቀያ መዶሻ የተረፉትን ፈታናቸው። ባሩዱን አንድ በአንድ መዘንነው። ከትንሹ እስከ ትልቁ አራት ግሬይን ይበላለጣል። ሃያ ዓመት ሠርቶበታል! የሌላ ሰው የሞላውን ጥይት አትተኩሱ። የኔንም ቢሆን። ወንድሜ ቢሞላው አልተኩስም።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ሌብነት ልጨምር። በ2021 ፕራይመር ከገበያ ሲጠፋ፣ አንድ በኦንላይን የሚሸጥ ሱቅ ሁለት ሺህ ፕራይመር በ140 ዶላር ይላል። በዚያ ወቅት ሰው አንድ ሺውን ከዚያ በላይ ይሸጥ ነበር። ገጹ ያምራል፣ የደንበኞች ምስክርነት ሞልቶበታል። በካርድ አይቀበልም፤ በባንክ አስተላልፉ ነው የሚለው። አስተላለፍኩ። ገንዘቡን ውሃ በላው። ገጹም በሳምንቱ ጠፋ። በካርድ የማይቀበል ጥይት ሻጭ ካያችሁ ኮምፒውተሩን ዝጉት።

«ጥይት ሲጠፋ ራሴን እችላለሁ»

ይህን የሚሉኝ ብዙ ናቸው። በ2020 እና በ2021 መደርደሪያው ባዶ በነበረ ጊዜ ቤታቸው የሚሞሉት ተረፉ ይባላል። የተረፉት ቀድመው ያከማቹት ናቸው። ፕራይመር ከጥይቱ እኩል፣ እንዲያውም ብሶ ነው የጠፋው። ፋብሪካው ያለውን ፕራይመር መጀመሪያ የሚያውለው ለራሱ ጥይት ነው፤ ለእናንተ የሚሸጠው የተረፈውን ነው።

አሜሪካ ውስጥ የታወቁት የፕራይመር ስሞች አራት ናቸው፤ ሲሲአይ፣ ፌዴራል፣ ሬሚንግተንና ዊንቸስተር። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የአንድ ባለቤት ናቸው። በ2024 መጨረሻ አንድ የቼክ ኩባንያ ጠቅልሎ ገዝቷቸዋል። ስለዚህ ቤቴ ሞላሁ ብላችሁ ከፋብሪካው አልወጣችሁም። ዕቃውን ሳይገጣጠም ገዛችሁ እንጂ።

ለችግር ጊዜ ከሆነ ሐሳባችሁ፣ መላው ቀላል ነው። በ602 ዶላሬ በዚያው በ34 ዶላሩ ዋጋ ከነግብሩ 16 ፓኬት ይገዛ ነበር። 320 ጥይት። በዓመት አርባ ለሚተኩስ ሰው ስምንት ዓመት ነው። ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ አይበላሽም።

ታዲያ ምን ልግዛ?

ስድስት መቶ ዶላር አታውጡ። በክረምት መጨረሻ፣ ሱቆቹ ሳይጨናነቁ፣ ሦስት የተለያዩ ፓኬቶች ግዙ። ውዱን አይደለም። ተራውን፣ ከ30 እስከ 40 ዶላር ያለውን። መቶ ያርድ ላይ ከጠረጴዛ ተደግፋችሁ ከየፓኬቱ ሁለት ጊዜ ሦስት ሦስት ተኩሱ። በርሜሉ ይብረድ በመሃል። ጠመንጃ እንደ ሰው ነው፤ አንዱን ይወዳል፣ አንዱን ይጠላል። የኔው በጣም የተመሰገነውን የ55 ዶላር ጥይት እንደ ጎመን ዘር ይበትነዋል። የ34ቱን ሦስት አረር ደግሞ በሻይ ብርጭቆ አፍ ውስጥ ያስቀምጥልኛል።

የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ሃያ ሳንቲሜትር ያህል ስፋት አለው። በቨርጂኒያ ጫካ ከመቶ ያርድ በላይ ማየትም አትችሉም፤ ዛፍ ነው ሁሉም። ቤት የሚሞሉት የሚኮሩበት በጥፍር የሚለካ ልዩነት እዚህ ምንም አይፈይድም። አጋዘን የምንስተው በእጃችን መንቀጥቀጥ ነው። እሱን ደግሞ ፕሬስ አያክመውም።

የወደደውን ካገኛችሁ በኋላ እዚያው ሱቅ ተመለሱና ተመሳሳይ የምርት ቁጥር ያላቸውን አምስት ስድስት ፓኬት አንሱ። ቁጥሩ ፓኬቱ ክዳን ላይ ነው የሚገኘው። ይህን ቁጥር ሳያይ የሚገዛ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ስኮፑ የተበላሸበት ይመስለዋል።

ልጆች ያላችሁ የመዳብ አረሩን አስቡበት። የእርሳስ አረር ሥጋ ውስጥ ብናኝ ይተዋል። ካሊፎርኒያ ከሐምሌ 1፣ 2019 (በፈረንጅ) ጀምሮ በእርሳስ ማደን ጨርሶ ከልክላለች። ከ2024 ሐምሌ ወዲህ ደግሞ ጥይት ላይ የራሷን 11 በመቶ ቀረጥ ጨምራለች፤ ሎስ አንጀለስና ሳን ሆዜ ያላችሁ እግዜር ያጽናችሁ። የመዳቡ ፓኬት 50 ዶላርና ከዚያም በላይ ይሄዳል። እኔ ለልምምድ የእርሳሱን፣ ለአደኑ የመዳቡን ነው የምይዘው። በዓመት አንዲት የመዳብ ፓኬት አታልቅም። ስኮፑን ግን በመዳቡ አስተካክሉ፤ ሁለቱ አንድ ቦታ አይመቱም።

አንድ ነገር ላስገባ። ወደ አገር ቤት ስትሄዱ ባዶ ቀለሃ እንኳ በማስታወሻነት ሻንጣ ውስጥ አትያዙ። ፕራይመርና ባሩድ አውሮፕላን ላይ ፈጽሞ አይወጣም። እዚያም የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። «የአጎቴ ምኒሽር ጥይት የለውም» የሚል ስልክ ደርሶኝ ያውቃል። ስልኩን ነው የዘጋሁት።

ለማን ይሆናል?

ለጥቂት ሰው ይሆናል። በየሳምንቱ ዒላማ የሚተኩስ፣ በዓመት አንድ ሁለት ሺህ የሚጨርስ ሰው ገንዘቡን በአንድ ዓመት ይመልሳል። ፓኬቱ ከመቶ ዶላር የሚያልፍ ትልቅ ጠመንጃ ያለውም እንደዚያው። ሥራው ራሱ የሚያስደስተው ሰውም አለ፤ ባለቤቴ ሹራብ እንደምትሠራው ማለት ነው። ሹራብ ከሱቅ ይረክሳል፤ ማንም ግን ለዋጋው ብሎ አይሠራም። እሱን አልከለክልም። ብቻ ኩሽና ውስጥ አይሁን። ፕራይመር እርሳስ አለበት። ቀለሃ ሲጸዳ የሚወጣው አቧራ ሳንባ ይገባል። እጅ ሳይታጠቡ እንጀራ አይቆረስም።

ዘንድሮ «አዎ፣ ሙላ» ያልኩት አንድ ሰው ብቻ ነው። ለሃያ ዓመት የሠራለት ሽማግሌ ሲሞት ቤተሰቡ ጠመንጃውን ሰጡት። ሳቬጅ 99 ነው፤ በሕጋዊ ወረቀት አዛውረው። ጥይቱ 300 ሳቬጅ ይባላል፣ በ1920 የወጣ። ዛሬ በዚያ ልክ የሚሠራ ፋብሪካ ጥቂት ነው። ሱቅ ሲገኝ 55፣ 60 ዶላር ነው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ አይገኝም። ልጁ በየሄደበት ሱቅ አንድ አንድ ፓኬት እየለቀመ አራት ዓይነት ይዞ መጣ። አራቱም አራት ቦታ ይመታሉ።

ምንም አትግዛ አልኩት። ዳይ ብቻ ግዛ፣ 40 ዶላር። ፕሬሱ የኔ፣ ሚዛኑ የኔ፣ ካሊፐሩም የኔ፣ እውነተኛው። ቀለሃህን አትጣል። እያንዳንዷን ከጨመቅን በኋላ ጠመንጃህ ውስጥ ገብታ ትወጣለች፤ ያልዘጋች ወደ ቆሻሻ። ባሩድ አንድ ዓይነት ብቻ ነው ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠው።

ቅዳሜ ጧት ሁለት ሰዓት ላይ ይመጣል። ስልኩን ኩሽና ለባለቤቴ አስረክቦ ነው ወደ ታች የሚወርደው።